የአክስቴ ልጅ እጮኛ እኔ ዘንድ ይመጣል

ባለፈው ወር “ስለ አማካሪና ስለ ምስጢር ጠይቁኝ” ብዬ ነበር። ጠየቃችሁኝ፣ አበዛችሁትም። ከደሴና ከኮምቦልቻ ከመጡት አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ብዙ ቦታ ወስዷል፤ ሌሎቹ እንዳይቀየሙኝ። ሰፈር፣ ሥራ፣ ዕድሜ ቀያይሬያለሁ። ስለ ምስጢር እየጻፍኩ የሰው ምስጢር ላወጣ አይደል።

ጥያቄ

እትዬ እንደምን ነዎት? ኮምቦልቻ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ። መኖሪያዬ ደሴ ነው፣ በየቀኑ ሐረጎን ወርጄ ወጥቼ ነው የምሠራው። ከ3 ወር በፊት አንድ ወጣት መጣ። የደሴ ልጅ ነው። ለምን እዚህ ድረስ ወረድክ ስለው “እዚያ የሚያውቀኝ ይበዛል” አለኝ። ችግሩ ቤቲንግ ነው። ለኒካሁ ያጠራቀመውን 180 ሺህ ብር በልቶታል። እጮኛው ዕቁብ ወጥቶላት ለቤት ዕቃ ብላ የሰጠችውን 60 ሺህም አልቀረም። እሷ አታውቅም። ስሟን ጠርቶልኝ አያውቅም፣ “እሷ” ነው የሚላት።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ቤት ቡና ተጠራሁ። ልጇ ስልኳን አውጥታ የእጮኛዋን ፎቶ አሳየችኝ። እሱ ነው! ሲኒው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። አክስቴ ፊቴን አይታ “ታውቂዋለሽ እንዴ?” አለችኝ። ደንግጬ “አዎ፣ ክሊኒክ ሲመጣ አይቼዋለሁ” አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትደውላለች። “ምን አሞት ነው? ልጄን በሽታ ላይ እንዳልጥላት” ትላለች። ኒካሁ ከፆም በኋላ ነው። ለልጅቷ ልንገራት? ዝም ብዬ ነገ ቢታወቅስ ዘመድ ምን ይለኛል?

መልስ

አብሽሪ እህቴ። አስቀድሜ ግን የማትወጂውን ልንገርሽ፦ ምስጢሩ ወጥቷል። የቤቲንጉ አልወጣም፣ የመምጣቱ ወጥቷል። “ክሊኒክ ሲመጣ አይቼዋለሁ” ስትዪ ግማሹን ተናገርሽ፤ የቀረውን አክስትሽ ራሷ እየሞላችው ነው፣ የሞላችው ደግሞ በበሽታ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚሉት ይኸው ነው። ብዙ ሰው የአማካሪ ምስጢር ሲባል ተመካሪው የተናገረው ብቻ ይመስለዋል። በእኛ ሥራ ግን ሰውየው በሩን መርገጡ ራሱ ምስጢር ነው። ስሙ መዝገብ ላይ መኖሩ፣ መደወሉ፣ ቀጠሮ ይዞ መቅረቱ፣ ሁሉም። ልጁ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚመጣው ለዚሁ ብሎ ነበር።

ይስተካከላል? በከፊል። አክስትሽ ስትደውል “አክስቴ፣ እኔ ዘንድ ማን መጣ ማን ሄደ ለማንም አላወራም፣ ያን ቀን ያልኩትም ስህተት ነበር” በያት። ትቆጣለች። ትቆጣ። “አይ፣ ተሳስቼ ነው፣ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው” ብለሽ ግን አትዋሺ፤ ውሸቱ አንድ ቀን ሲገለጥ ያንቺን ቃል የሚያምን ዘመድም ተመካሪም አይኖርም። ደግሞ ይህ መልስ ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ አይሁን። የክሊኒክሽን ደጃፍ እንኳ ረግጦ ስለማያውቅ ሰው ቢጠይቁሽም ያው መልስ ነው። ላልመጣው “አልመጣም”፣ ለመጣው ደግሞ “አልናገርም” የምትዪ ከሆነ ዝምታሽ ወሬ ነጋሪ ሆነ ማለት ነው። አክስቶች ይህንን ከማናችንም በላይ ያውቁበታል።

አሁን መነገር ያለበት ነገር አለ፤ የሚነገረው ግን ለእሱ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ሌላ ነገር ሳይጀምር፣ “የምታገባት ልጅ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ያወቅኩትም ባለፈው ሳምንት ነው” በዪው። ያመለጠሽንም አብረሽ ንገሪው። አዎ፣ ያሳፍራል። ግን ወሬው ከእጮኛው ቤት ተነስቶ ሳያስበው ከሚደርሰው፣ ካንቺ አፍ ቢሰማው ይሻለዋል። ከዚያ በኋላ በአንድ ወገን የእሱ አማካሪ፣ በሌላ ወገን የሙሽራዋ እህት ሆነሽ መቀጠል አትችዪም። ለሌላ ባለሙያ አስተላልፊው። ማስተላለፍ ማለት ስልክ ቁጥር ሰጥቶ መሸኘት እንዳይመስልሽ። የሚቀበለው ሰው እስኪገኝ አንድ ሁለት ቀጠሮ አብረሽው ቆዪ፣ የጻፍሽውን ማስታወሻም ተመካሪው ሲፈቅድ ብቻ ስጪ።

በትምህርት ቤት አምስቱን የሥነ ምግባር መርሆዎች ሳትሸመድጂ አልቀረሽም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ካረን ኪችነር በ1984 እ.ኤ.አ. ለምክር ሙያ ያስቀመጠቻቸው፦ የሰውን የራስ ውሳኔ ማክበር፣ አለመጉዳት፣ መጥቀም፣ ፍትሕ፣ ቃልን መጠበቅ። ለፈተና ቀላል ናቸው። ችግሩ እንዳንቺ ያለ ቀን ሲመጣ አምስቱ እርስ በርስ ይጣላሉ። ለልጅቷ መጥቀም ለልጁ የሰጠሽውን ቃል ማፍረስ ይሆናል። እንግዲህ ሲጣሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተመካሪዬ ማን ነው? የአክስትሽ ልጅ ተመካሪሽ አይደለችም። ትወጃታለሽ፣ ግን አንቺ ዘንድ ተቀምጦ ሆዱን የከፈተልሽ እሱ ነው።

ስለዚህ ለልጅቷ አትንገሪያት። እዚህ ላይ ከእኔ ጋር የሚጣላ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ 60 ሺህ ብሯን የተበላች ልጅ ናትና። እኔንም ያንገበግበኛል። ግን የባለሙያ ምስጢር የሚሰበረው ለሕይወት ወይም ለዚያ ለሚቀርብ ከባድ አደጋ ነው፤ የገንዘብ ጥፋት፣ ክህደትም ቢኖርበት፣ እዚያ አይደርስም። በገንዘብ የሚሰበር ቢሆን ነገ ቤቲንግ የያዘው ሰው ሁሉ አማካሪ ዘንድ አይመጣም። ከመጣም ግማሹን ደብቆ ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፣ ጎበዝ የሚባሉት የሚወድቁበት። “አልነግራትም፣ ግን እንዲያው በአጠቃላይ ልምከራት” ይላሉ። “የኔ ዓለም፣ ከኒካህ በፊት የባንክ ደብተሩን እይው” ትያታለሽ። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። ክሊኒክ አይቼዋለሁ ያልሽ ሰው ስለ ባንክ ደብተር ካነሳሽ፣ ደምራ ትጨርሰዋለች። ራስሽን ጠይቂ፦ እሱን ባላውቀው ይህንን ምክር እሰጣት ነበር ወይ? ካልሆነ ዋጪው። ሆድ ይፍጀው።

ታዲያ ልጅቷ ተታላ ትግባ? እንደዚያማ አላልኩም። የሚነግራት እሱ ራሱ እንዲሆን መርዳት ይቻላል፣ ያውም የምክር ሥራው ዋና ክፍል ነው። አንቺ በቀሩሽ ቀጠሮዎች ወይም የሚረከብሽ ባለሙያ፣ “ካገባችህ በኋላ ስታውቅ ምን ይሆናል? አሁንስ ብታውቅ?” ብላችሁ ፊት ለፊት አስቀምጡለት። ብዙ ሰው መናገር እየፈለገ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይጠፋበታል። እናንተ ፊት ይሞክረው፤ ጮክ ብሎ ይበለው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ለብቻዬ አልችልም ካለ አገሩ ወሎ ነው። ከአባቱ የማያንስ፣ አፉም የሚታመን አንድ ትልቅ ሰው አያጣም። ሽማግሌውን የሚመርጠው እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም።

በዚህ መሃል ግን አንድ ጥያቄ እንዳትዘዪ። ገንዘብ በቁማር የጨረሰ፣ የኒካህ ቀን የደረሰበት፣ ለማንም ያልተናገረ ሰው ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ጠይቂው። በዙሪያው አትዙሪ፤ “ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?” በዪው። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፣ እንዲያውም ብዙዎች የጠየቀ ሰው ሲያገኙ ይተነፍሳሉ። አዎ ካለ፣ መንገዱንና ቀኑን ካሰበ፣ ያኔ ምስጢር የሚባለው ነገር ወደ ኋላ ይላል። ሕይወቱን ለማትረፍ የሚያስፈልገውን ያህል፣ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ትናገሪያለሽ። “ልጃችሁን ብቻውን አትተዉት” ለማለት ስለ ቤቲንጉ ማውራት አያስፈልግም።

በሌላ ሰው ላይ የሚመጣ አደጋም እንዲሁ ነው። ይህ ነገር በዓለም ሁሉ የምክር ክፍሎች የሚነሳው በአንድ የአሜሪካ ጉዳይ ምክንያት ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በርክሌ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮሰንጂት ፖዳር የሚባል ተማሪ ታቲያና ታራሶፍን መግደል እንደሚፈልግ ለሥነ ልቦና ባለሙያው ነገረው። ባለሙያው ለግቢው ፖሊስ አሳወቀ። ፖሊሶቹ ይዘው አነጋገሩት፣ ደህና ይመስላል ብለው ለቀቁት። ለልጅቷም ለቤተሰቧም ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ገደላት። ወላጆቿ ከሰሱ፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 እ.ኤ.አ. ባለሙያ አደጋው የሚያሰጋውን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት አለ። የዚያ አገር ፍርድ ደሴ ላይ ሕግ አይሆንም፤ ግን መስመሩ የት አካባቢ እንደሚሰመር ያሳየሻል። ያንቺ ልጅ እዚያ መስመር አጠገብ የለም።

የመጨረሻው ስለ አንቺ ነው። ይህንን ብቻሽን ተሸክመሽ ሐረጎን እንዳትወጪ። የበላይ አማካሪሽ ጋ ወይም ከሌላ ከተማ ካለ የሙያ ጓደኛሽ ጋ ተማከሪ። ለባልሽ አይነገርም። በቴሌግራም ግሩፕ “አንድ ኬዝ ነበረኝ” ተብሎም አይጻፍም። በሚኒባስ ውስጥ በስልክማ ጭራሽ! ስም ሳልጠራ ነው እንዳትዪኝ። “አንድ የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ ኒካሁ ከፆም በኋላ የሆነ” ካልሽ ከኋላ ወንበር ያለችው ሴትዮ ሸዋ በር ሳትደርስ ስሙን ትነግርሻለች።

ጥያቄ

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ያለችው አማካሪ ዘንድ በየሳምንቱ ትገባለች። ምን እንደሚያወሩ ልጄን ብጠይቃት ዝም። አማካሪዋን ብጠይቃት “ይቅርታ፣ የእሷ ጉዳይ ነው” አለችኝ። እኔ አይደለሁም የወለድኳት? ከደሴ።

መልስ

እህቴ፣ ቁጣዎ ይገባኛል፣ እኔም የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አማካሪዋም ግን ልክ ናት። የተናገረችው ሁሉ ማታ እናቷ ጆሮ እንደሚደርስ ያወቀች ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት የምታወራው ስለ ሒሳብ ፈተና ብቻ ነው።

ይልቅ ጥያቄውን ቀይረው ይሂዱ። ሦስታችሁ አብራችሁ ተቀመጡና “ልጄ የምትነግርሽን አልጠይቅሽም፤ ግን የትኛውን ነገር ብትሰሚ ትነግሪኛለሽ?” ይበሏት። ይህንን የመመለስ ግዴታ አለባት፣ እንዲያውም ገና የመጀመሪያ ቀን ለእርስዎም ለልጅዎም መናገር ነበረባት። ራሷን ልትጎዳ ካሰበች፣ የሚደፍራት ወይም የሚደበድባት ካለ፣ 18 ሳይሞላት ሊድራት የሚዶልት ዘመድ ካለ፣ ዝም ማለት የለም። (የሚጎዳት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ከሆነ ግን አማካሪዋ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ቤት ላይሆን ይችላል። ይህንን የምለው እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም።) የጓደኛ ጠብ፣ የወደደችው ልጅ፣ “እናቴ አትረዳኝም” የሚለው፣ እሱ እዚያው ይቀራል።

ልጅዎ እንድታወራዎ ከፈለጉ ደግሞ ፊት ለፊት አስቀምጠው አይጠይቋት። ሽንኩርት ስትከትፉ ይሞክሩ። ሁለታችሁም እያነባችሁ ስለሆነ ማን ለምን እንደሚያለቅስ አይታወቅም።

ጥያቄ

ፍቺ ላይ እያለሁ አንድ አማካሪ ዘንድ እሄድ ነበር። በቅርቡ በሰጠው ሥልጠና ላይ ታሪኬን ለምሳሌ ተናገረው። ስሜን አልጠራም። ሥራዬን፣ ሦስት ሴት ልጆች እንዳሉኝ፣ የተፋታሁበትን ወር ግን ተናግሯል። የመሥሪያ ቤቴ ልጅ እዚያ ተቀምጣ ነበር። ከኮምቦልቻ።

መልስ

ወንድሜ፣ ተበድለሃል። ስም አለመጥራት በቂ የሚሆነው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ እዚያም ሁሌ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ ሥራና የልጆች ብዛት ከተነገረ ስሙ መጣ በቃ።

መጀመሪያ በጽሑፍ ለራሱ ንገረው። በቃል አይደለም፣ በጽሑፍ። ምን ተባለ፣ የት፣ ማን ሰማ። ምሳሌውን ዳግመኛ እንዳይጠቀምበት፣ ስላይዱ ላይም ካለ እንዲያጠፋው ጠይቅ። ካልሰማህ ለሚሠራበት ድርጅት ኃላፊ። ከዚያም ሕግ አለ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትህን ይጠብቃል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን በአቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ያደርገዋል፤ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን ለይቶ ጥብቅ ከሚባሉት ጋር መድቦታል። አቤቱታውን የምታቀርበው አንተ ነህና፣ ከመሄድህ በፊት ጠበቃ አማክር። ፍርድ ቤት ሲገባ ታሪክህ እንደገና ሊነገር ይችላል፣ እሱንም አስብበት።

ላንተ ሳይሆን ለአሠልጣኞች አንዲት ቃል፦ ምሳሌ ካስፈለጋችሁ ፍጠሩ። ወይም ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ጥያቄ

እኔ ለ6 ወር አንድ አማካሪ ዘንድ እመላለሳለሁ። ጥሩ ሰው ነው፣ ብዙ ረድቶኛል። ባለፈው ሰኞ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ዓይን ለዓይን ተያየን። እንደማያውቀኝ ሆኖ አለፈኝ! ለሰላምታ ገንዘብ አይከፈል። ገንዘቤን ሲቀበል ነው የሚያውቀኝ? ከደሴ።

መልስ

በሳቅ ነው ያነበብኩት፣ ይቅር በለኝ። ሰላምታ መንሳት እኛ አገር ስድብ መሆኑን አውቃለሁ። የከብቱ ጤና ሳይቀር ተጠይቆ የሚታለፍበት አገር ነው። ግን ስላለፈህ አመስግነው።

እኔ አላለፍኩም ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ፒያሳ ላይ አንዲት ተመካሪዬን አየኋት። ጭጋጉ ወርዶ ሰው የሚታየው አጠገብ ሲደረስ ነው። ደስ አለኝና ሳላስብ “እንዴት ነሽ፣ እንቅልፉስ ተሻለሽ?” አልኳት። ከኋላዋ ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ ብቅ አሉ። አማቷ ናቸው። “የምን እንቅልፍ?” አሉ። ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየች። “ፋርማሲ ውስጥ ነው የምንተዋወቀው” አለች፤ ያላሰበችውን ውሸት እኔ አስዋሸኋት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ያዘች፣ ሁለት ጊዜ ቀረች። እኔም ደውዬ ይቅርታ ለማለት ፈርቼ ነበር፤ ስልኩን ማን እንደሚያነሳው አላውቅማ።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ቀን፣ ስለ ምስጢርና ስለ ወሰኑ ከተነጋገርን በኋላ፣ ሁሉንም እጠይቃለሁ፦ “መንገድ ላይ ብንገናኝ ምን ላድርግ?” ያንተ አማካሪም ቀድሞ ሊጠይቅህ ይገባ ነበር፣ እዚህ ላይ ጥፋት አለበት። በሚቀጥለው ቀጠሮ አንተው አንሳው። “ሰላም በለኝ” ብትለው ይልሃል። መተዋወቃችሁን መደበቅ ወይም መግለጥ ያንተ መብት እንጂ የእሱ አይደለም።

አብዛኛው ሰው “እኔ ሰላም ካላልኩሽ ሰላም አትበዪኝ” ነው የሚለኝ። አንዲት ትልቅ እናት ግን፣ ይህንን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፣ “ምን ማለትሽ ነው? ካለፍሽኝማ ሰው የተጣላን ይመስለዋል!” ብለው ተቆጡኝ። እስከ ዛሬ ሙጋድ ላይ ባየኋቸው ቁጥር ሦስቴ ነው የምንሳሳመው። አብራቸው የምትሄደው ልጃቸው የዕቁባቸው ጸሐፊ መስያታለሁ፤ ባለፈው እንዲያውም ጠጋ ብላ የእማማ ዕጣ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀችኝ።